ከየትኛው ጉድጓድ ነው?

"ዝም በሉ! አካፋውን ተዉት!" አለች ይታይሽ፣ መሬቱ ላይ በደረቷ ተኝታ።

ቆፋሪዎቹ ቆሙ። ባሏ ጥጋቡ ለወገዳ ገበያ ነጭ አፈር ሊያወጣ በጠዋት ወርዶ ነበር። ረፋዱ ላይ ገደሉ ተንዶ ከላይና ከታች ያሉትን ሁለት ጉድጓዶች ደፈናቸው። በየትኛው ውስጥ እንደነበረ ያየ የለም። ሰዉ ጥቂት ነው፤ ሁለቱንም ባንዴ መቆፈር አይችልም።

"ይሰማሻል?" አላት ጭቃ ሹሙ ደጉ።

"በዶማው ድንጋይ ይመታል፣ ጌታዬ።"

"ከላይኛው ነው ከታችኛው?"

"ትንሽ ዝም ያሰኙልኝ፤ እለየዋለሁ።"

ይህን ጊዜ ከጋራው ላይ እሪታ ወረደ። የጥጋቡ እህት ዓለምጸሐይ የመንደሩን ሴቶች አስከትላ፣ ደረቷን እየደቃች መጣች። በአገሩ የወንድሟን መርዶ የሰማች ሴት ከሩቅ ሳትጮህ አትደርስም፤ ዝም ብላ ከመጣች እንደ ደመኛ ትታያለች።

"ወንድም ዓለም! ጋሻዬ!"

"ዓለሜ፣ በማርያም! አልሞተም፤ ድምፁን ልስማበት!"

"ወንድሜን አፈር በልቶት እንደ ባዳ ዝም ልበል? ያንቺስ እንባ የት ሄደ?"

"ለኋላ አስቀምጬዋለሁ!"

"ሰማችሁ? እንባ ታስቀምጣለች!" አለች ዓለምጸሐይ ወደ ሴቶቹ ዞራ።

አንዷ ስትደክም ሌላዋ ተቀበለች። ከወዲያ ማዶ ሌሎች ደረሱ፤ እነሱም ከሩቅ ጀመሩ። ይታይሽ ጆሮዋን አፈሩ ላይ ብትለጥፍም የሚመጣላት የእግር ኮቴና ሙሾ ብቻ ሆነ። አንዳንዴ በመሃል አንድ ነገር ኳ ያለ ይመስላታል፤ ከየት እንደሆነ ሳትለየው እሪታው ይውጠዋል።

ደጉ ዱላውን እያወዛወዘ፣ እየለመነም ጭምር፣ ዝም እስኪያሰኛቸው ፀሐይ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ዓለምጸሐይ እንኳ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ይታይሽ ላይኛው ጉድጓድ ላይ አዳመጠች። ምንም የለም። በእንብርክኳ ሄዳ ታችኛው ላይ ተኛች። ቆየች። እዚያም ምንም የለም።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገ። "እንግዲህ ቄሱን መጥራት ነው" አለ ቀስ ብሎ። ሌሎቹም አቀረቀሩ።

አፈሩ አሁንም ዝም እንዳለ ይታይሽ ቀና አለች።

"መታ!"

"የት?" አለ ደጉ።

ሁለቱን ጉድጓዶች ተራ በተራ አየቻቸው።

"ከዚህ፣ ከታችኛው" አለች። "አሁን መታ። ቆፍሩ!"

ማንንም ሳታይ በእጇ መዛቅ ጀመረች።