አርፍደው የሚያብቡት ወንዶች

ኔዥካ ማጭዷን ይዛ ከወጣች በሳቪኒያ ወንዝ ዳር አንድም ወንድ ሆፕ አይተርፍም። ይህን ያልነገረችው የመንደር ሰው የለም፤ ውሾቹም ሳይሰለቻቸው አልቀረም።

ሆፕ እንደ ጌሾ ለጠመቃ የሚሆን ሐረግ ነው፤ ለቢራ የሚፈለገው ግን የሴቷ ፍሬ ብቻ ነው። ወንዱ የአበባ ዱቄቱን ከበተነባት ፍሬዋ በዘር ይሞላል፣ ጠማቂዎችም ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ በየዓመቱ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ማግስት ያበበውን ወንድ ከየቁጥቋጦው እያደነ የሚቆርጥ አለ፤ ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ሥራው የኔዥካ አባት ቤተሰብ ነው።

ዘንድሮ መከሩ ደርሶ፣ ማድረቂያ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌው ቦጎሚር አንድ ፍሬ በጣቱ ፈረፈረ። ዘር። ሌላም ፈረፈረ። ያው ዘር።

«አንቺ አዳኝ ተብዬ፣ ተኝተሽ ነው የከረምሽው?» አላት። «ማጭዱን ለኔ ልጅ ስጪና ዶሮሽን ጠብቂ!»

ገበሬዎቹ ሳቁ። የማድረቂያው ባለቤት፣ የእናቷ እህት ቪዳ፣ ሆፑን በመንሽ ታገላብጣለች።

ኔዥካ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ማጭዱን ከጀርባዋ ደበቀች።

«አልሰጥም! በጴጥሮስ ወጳውሎስ ማግስት ካበበው አንድም አላመለጠኝም። ትናንት ወንዝ ወርጄ አየሁ፤ የወንዶቹ አበባ ገና በቅርቡ ነው የጠወለገው። እኛ ስንሄድ ቅጠል ብቻ ነበሩ። ቅጠል አይተው ወንድ ይሁን ሴት ይለያሉ እንዴ፣ ጋሼ ቦጎሚር?»

«እና ተደበቁብሽ?»

«እንደዚያ ይበሉት! ቀድሞ ያበበውን እንቆርጠዋለን፤ ሳይወልድ ይቀራል። ያረፈደው ይወልዳል። ወንድ የሚያደርገው ክሮሞዞም ደግሞ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚሄደው። ማርፈዱም እዚያው ላይ ተሳፍሮ ይወርዳል፣ ልጁም እንደ አባቱ ያረፍዳል። በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ማጭድ! ጥፋቱ የቀኑ ነው። ቀኑን ቀይሩ፤ ማጭዱ ግን ከእጄ አይወጣም። ወንድ የሆነ ይምጣና ይቀማኝ!»

ማንም አልመጣም። ቦጎሚር ራሱን አከከ።

«ልጅቷ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።»

ኔዥካ አገጯን ቀና አደረገች። ይሄኔ ቪዳ መንሹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጇን ዘረጋች።

«እንዲህማ ከሆነ፣ አራት ትውልድ ሙሉ አርፋጆቹን መርጣችሁ ያራባችኋቸው እናንተው ናችሁ። በይ ማጭዱን አምጪ።»