ነፋስን በጎኑ

ሮብሌ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ሚስቱ ኢስታር ከጅቡቲ ባሕር ማዶ፣ ታጁራ፣ እናቷ ቤት ወልዳ ሊያመጣት ሲነሳ፣ ከሁሉ ያስጨነቀው ባሕሩ ነው። ዋና አይችልም፤ ጀልባ ላይም ወጥቶ አያውቅም።

መጋላ ሰፈር ውስጥ የካሚዮን ሸራ የምትሰፋው ጎረቤቱ ደሄቦ ግን የባሕር ሰው ልጅ ነች። አባቷ ዘይላ ላይ ናኹዳ ነበሩ፤ የሸራ ጀልባ ይመሩ ነበር። ጭንቀቱን ስታይ መርፌዋን አስቀምጣ አሸዋው ላይ በጣቷ ጫረችለት።

«ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ አትጋፈጠው። አንዴ በቀኝህ፣ አንዴ በግራህ እያደረግከው በሰያፍ ትወጣለህ። ስትዞር የጀልባዋን አፍንጫ በነፋሱ ውስጥ ቶሎ አሳልፍ፤ መሀል ላይ ከቆምክ ወደ ኋላ ይመልስሃል። ነፋሱ ከኋላህ ሲሆን ደግሞ የሸራውን ገመድ ሳትሰበስብ እንዳትዞር። ሸራው ተወርውሮ ሰው ይገድላል።»

«ኤዶ» አላት እንደ አክስት አክብሮ፣ «እኔ እኮ ተሳፋሪ ነኝ።»

«ያወቁት ነገር ብዙ አያስፈራም ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ ከታጁራ በሸራ ጀልባ ሲመለስ፣ ጅቡቲ ከሩቅ መታየት ስትጀምር፣ የጀልባዋ ናኹዳ ደረቱን ይዞ ተዘረረ። ከሱ ሌላ ባሕርተኛ አልነበረም። ኢስታር ሕፃኑን አጥብቃ አቀፈች። ሮብሌ ተነስቶ መሪውን ያዘ፤ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ገመዱን ያዙለት።

ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ ሲዞር ቀስ አለና ጀልባዋ መሀል ላይ ቆማ ወደ ኋላ ተገፋች። ሁለተኛ ጊዜ መጀመሪያ ፍጥነት እንድታገኝ ጠበቃት፣ ከዚያ አዞራት። ሸራው ተርገፍግፎ በሌላው ጎን ሞላ። እንዲህ አምስት ጊዜ ተመላለሰ። ወደቡ አጠገብ ታጥፈው ነፋሱ ከኋላ ሲሆን፣ «አንገት ዝቅ!» ብሎ ገመዱን አሰበሰበ። ሸራው በራሳቸው ላይ ቀስ ብሎ አለፈ። ናኹዳውን ተሸክመው ሐኪም ዘንድ አደረሱት፤ ሲነቃም ሮብሌ ይህን ያስተማረችው ደሄቦ መሆኗን ነገረው።

ድሬ ሲደርሱ ሮብሌ ቤቱ ሳይገባ ከኢስታርና ከሕፃኑ ጋር ደሄቦ ዘንድ ሄደ። ሁሉን ነገራት።

«ገመዱን ሰበሰብክ?»

«ሰበሰብኩ፣ ኤዶ። ሦስታችንንም ያሻገርሽን አንቺ ነሽ።» ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ።

«አልሐምዱሊላህ በል» አለችው። ቀጥላም፣ «አባቴ ሁሉን አስተማሩኝ፤ ሴት ነሽ ብሎ ግን ማንም መሪ አላስያዘኝም። ትምህርቱ ሠላሳ ዓመት እንዲያው በልቤ ተቀምጦ ነበር» አለች። ኢስታር ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

ከወር በኋላ፣ የዳነው ናኹዳ በባቡር ሠራተኛ እጅ አንድ ቅርጫት ቴምር ላከ። ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሰውየው፣ «ለናኹዳ ደሄቦ ነው የተባልኩት» አለ። ደሄቦ ቴምሩን ለጎረቤት ሁሉ አካፈለች፤ ባዶውን ቅርጫት ግን ለማንም አልሰጠችም።