ሃይ ባይ ያጣች ዓይን

ባለቤቴ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነው፤ በቀለምና በብሩሽ፣ በገዛ እጁ። ማስመሪያ ሳይዝ የሚያሰምረው መስመር ቀጥ ስለሚል ሰፈሩ «ማስመሪያው» ይለዋል። እሱም ይህን ቅጽል ስም እናቱ ካወጣችለት ስም አብልጦ ይወደዋል። እኔ ግን ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ ያየሁት ነገር ቢኖር ግትርነቱ ነው።

ልጃችን የልብስ ስፌት ሱቅ ልትከፍት ነው። የበሩን ጽሑፍ አባቷ እንዲጽፍላት ገና በልጅነቷ ቃል አስገብታዋለች። ቆርቆሮው ተገዛ፣ በእንጨት ተወጠረ፣ ነጭ ተቀባና በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። ማስመሪያው አጎንብሶ ብሩሹን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። በመጨረሻ እንደ ምንም አንድ መስመር አሰመረ። ሄጄ ባየው ሰካራም የሄደበት ይመስላል።

«ቆርቆሮው ጠማማ ነው» አለ።

«መርጠህ የገዛኸው አንተ ነህ» አልኩት።

ስወተውተው እውነቱን አወጣ። ወደ ታች ሲያይ ፊደላቱ ሽቅብ ቁልቁል ይዘሉበታል። ሂድና ተመርመር ብዬ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት። ሄደ፤ ከሰፈራችን ጤና ጣቢያም ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ።

«ዓይኔ ምንም የለውም! ነርሷ ‹በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን አላየሁም› ብላለች። የመመርመሪያ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበነብኩላት። ጥግ ላይ ያለችው የጸሐፊው ፊርማ እንኳ አላመለጠችኝም!»

«የማን ፊርማ?»

ኮቱን ማውለቅ ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ» አለ ቀስ ብሎ።

ለካ ሰሌዳውን የጻፈላቸው እሱ ራሱ ኖሯል! እዚሁ በረንዳ ላይ፣ ፊደሎቹን ጮክ ብሎ እየጠራ ሲጽፍ እኔ እንኳ በቃሌ ይዣቸው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ብገባ አልፋለሁ። ሳቄ አፈነኝ። እሱም ትንሽ ተኮሳትሮ ቆየና አብሮኝ ሳቀ። ከዚያ ግን ቁጭ ብሎ እጆቹን አያቸው።

«እንግዲህ ልጄ የማተሚያ ቤት ፕላስቲክ ትለጥፍ» አለ።

ይህ ሰው ሲኮራብኝ ያናድደኛል፤ ሲያፍር ማየት ግን ጭራሽ አልችልም።

በማግስቱ እጁን ይዤ ነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሳቅ አታበዛም፣ አትቸኩልምም። ፊደል የሚባል ነገር አላሳየችውም። ጣቷን ብቻ እንዲከተል አዘዘችው፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች። ወደ ታች ሲያይ እኔም አየሁት። ብሌኑ ቀስ ብሎ ሽቅብ ይንሸራተትና ዘሎ ቁልቁል ይመለሳል፤ ደግሞ ይንሸራተታል። የጭንቅላት ምስል አስነሳችው፤ ደግነቱ ክፉ ነገር አልተገኘበትም።

«አባባ፣ ችግሩ ዓይንዎ ላይ አይደለም» አለችና ከማጅራቷ ከፍ ያለውን ቦታ ነካች። «እዚህ ውስጥ የአንጎል ግንድ አለ። ዓይንን የሚያዝዙት ሴሎች እዚያ ናቸው፤ የሚላላኩትም በኬሚካል ነው። አንዱ ኬሚካል ‹ሂድ› ይላል፣ ሌላው ‹ተው፣ ቁም› ይላል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ዓይን ባለበት ይረጋል። የእርስዎ ‹ተው› የሚለው መልእክት አንሷል። ስለዚህ ዓይንዎ ሽቅብ ይሸሻል፣ አንጎልዎ ደግሞ እየሮጠ ይመልሰዋል።»

«ሃይ ባይ አጥቷል በዪኛ!» አልኳት።

«እንደሱ ነው፣ እናቴ።»

«እኔ እያለሁለት?»

ያን ጊዜ ሐኪሟም ሳቀች። ኪኒን አዘዘችለት፤ ሊረዳው እንደሚችል፣ ግን ጊዜ እንደሚፈልግ ነገረችን። ልንነሳ ስንል «እስቲ ወደ ጣሪያው ይመልከቱልኝ» አለችው። ቀና አለ። ብሌኑ ጸጥ አለ። አንዳንድ ሰው ላይ፣ ወደ ላይ ሲያይ ይረጋል አለችን።

እሱ በመንገዱ ሁሉ ስለ ኪኒኑ ሲያወራ እኔ ስለ ጣሪያው አስብ ነበር። ቤት እንደገባን ቆርቆሮውን በገመድ ከበረንዳው ማገር ላይ አንጠለጠልኩና አጭሯን በርጩማ ከሥሩ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተቀመጥና ቀና በል።»

«ሰው አንጋጦ ይጽፋል እንዴ?»

«ሰውስ ማስታወቂያህን አጎንብሶ ነው የሚያነበው?»

ተቀመጠና ብሩሹን አነሳ። ቀለሙ አፍንጫው ላይ ጠብ ሲል ተሳደበ፤ ግንባሩ ላይ ሲደግመው ቀለሙን የፈጠረውን ረገመ። እኔ በአንድ እጄ አንገቱን ደግፌ በሌላው ፊቱን እጠርጋለሁ። መስመሩ ግን ቀጥ አለ። ሁለታችንም አየነው።

ሱቁ የተከፈተ ቀን ጽሑፉ ከበሩ በላይ ተሰቀለ። ልጃችን አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች።

«አባዬ፣ ጆሮህ ላይ ገና ቀለም አለ» አለችው።

እሱ ግን በትከሻዋ አሻግሮ እኔን ነበር የሚያየኝ።

«ቀጥ ብሏል?»

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስለ መስመር ሰው ጠይቆ አያውቅም።

«ቀጥ ብሏል» አልኩት። «ፊርማህን ግን ረሳህ።»

«እስቲ ጥጉን እዪው።»

ቀና አልኩ። እኔ ሻይ ላፈላ ጓዳ ስገባ ነው የጻፋት። በደቃቅ ፊደል፣ «ማስመሪያውና ሃይ ባይዋ» ትላለች። ደግሜ ላነባት ፈለግኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶት ኖሮ አሁን ደግሞ በተራዬ ፊደሎቹ ዘለሉብኝ።