ወለምታ ነው ተባለ

ወልድያ ያለው ዶክተር «አጥንትሽ ሳስቷል» ያለኝን ቃል እዚያው ትቼው ብመጣ በተሻለኝ ነበር። ቤቴ መርሳ ስደርስ የባሌ ታላቅ እኅት እትዬ ዙልፋ «ሳስቷል» ሲባል ከሳች ማለት መሰላቸው። በማግስቱ ቅልጥም ይዘው ከተፍ! ጠዋት ቅልጥም፣ ማታ ቅልጥም። «አጥንት በአጥንት ይጠገናል» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የመረቁ ሽታ ገና ከሩቅ ያቅለሸልሸኛል። ብነግራቸውስ ማን ሰምቶኝ!

ነገሩ ይኸው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግራ ጡቴ በካንሰር ተቆረጠ። ደሴ እየተመላለስኩ ኬሞ ወሰድኩ። መድኃኒቱ በሽታውን አጠፋልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ግን የወር አበባዬንም ያለጊዜው አቆመው፣ እሱ ሲቆም አጥንቴ ከውስጥ እየተቦረቦረ ሄደ። በቀደም ጀሪካን ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጭ አለ። ራጅ ሲነሣ አንዱ የጀርባ አጥንቴ ተሰንጥቋል። ዶክተሩ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ፀሐይ ሙቂ፣ ቀስ እያልሽ ተራመጂ፣ ከባድ አታንሺ አለኝ። «ወገብሽን ደግሞ ማንም እንዳያሽሽ፤ ሌላው ከተሰበረ ቆመሽ መሄድሽም ያሰጋኛል።» ይቺን ደጋግሞ ነው የነገረኝ።

እኛ ቤት ግን ለዚህ ሁሉ ያለው ስም አንድ ነው፤ «ያ ነገር»። ካንሰር አይባልም። ጡትማ ጭራሽ! ኦፕራሲዮን ስሆን ለጎረቤት «የሐሞት ጠጠር ነው» ተባለ። ፀጉሬ ሲረግፍ «ምች ነው» ተባለ። አሁን ወገቤን ሲያመኝ ደግሞ «ወለምታ ነው» ተባለ። ለወለምታ መፍትሔው ወጌሻ ነው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ እትዬ ዙልፋ ሸህ አብዱልጀሊልን ይዘው መጡ። የእጃቸው ብርታት እስከ ውርጌሳ የሚወራላቸው ወጌሻ ናቸው። ባሌ ሲራጅ ምንጣፍ አነጠፈ። በዓይኔ ብለምነው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ዶክተሩ ሲናገር አጠገቤ ተቀምጦ ሰምቷል እኮ!

«እንዴት ነሽ፣ ልጄ? የቱ ጋ ነው ወለም ያለሽ?» አሉ ሸሁ።

«ወለምታ አይደለም፣ ሸህ። አጥንቴ ሳስቷል፤ እንዳይነኩኝ።»

«አፍራ ነው» አሉ እትዬ ዙልፋ ከአፌ ነጥቀው። «ጀሪካን ስታነሳ ነው። ጠንከር አድርገው ይሹልኝ።»

«ሐኪም ከልክሏል!»

«ሐኪም ስለ ወለምታ ምን ያውቃል?» አሉ ሸሁ፣ መዳፋቸውን ቅቤ እየቀቡ። እትዬ ዙልፋ ሳቁ። ሲራጅም ፈገግ አለ፣ አፈር ይብላና! አልተኛም ብዬ ቁጭ እንዳልኩ ሸሁ ከኋላዬ ዞሩ፤ ያ የሚወራለት መዳፍ በቀሚሴ ላይ ወገቤ ላይ አረፈ። አንዴ ቢጫኑኝ ማለቄ ነው። ለማንም ይሉኝታ የሚተርፍ ወገብ አልነበረኝም።

«ሸህ፣ ጡቴ ተቆርጧል!» ብዬ ጮኽኩ። «ካንሰር ነበረብኝ። አጥንቴን የበላው የካንሰሩ መድኃኒት ነው። ከተጫኑኝ ይሰበራል!»

እትዬ ዙልፋ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ ረቢ! ሽማግሌ ፊት!»

«አዎ፣ ሽማግሌ ፊት! ሰው በታመመ ቁጥር ‹ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› የሚሉት አንቱ አይደሉም እንዴ? የእኔ ጊዜ ምነው ተረቱ ጠፋብዎ?»

ሸሁ እጃቸውን አንሥተዋል። ቅቤውን በፎጣ ጠረጉት። ተቆጥተው ይወጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ እሳቸው ግን ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሲጀምርሽ እብጠት ነው?»

«እብጠት ነው። ሽንብራ ብታክል ነው።»

«ያምሽ ነበር?»

«አያምም፣ ሸህ። ክፋቱም እሱ ነው።»

የቅቤውን ብልቃጥ ለመክደን ታገሉ፤ ክዳኑ አልገጥም አላቸው።

«ናጅዋም አያመኝም ነው የምትለው» አሉ። ናጅዋ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፣ ገና ያላገባች። «እናቷ ለሰው እንዳይነገር አለች። እኔም አልተናገርኩም። ቅቤ እያስቀባኋት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን ወዲህ።»

እትዬ ዙልፋን አየኋቸው፤ ሻርፓቸውን ከአፋቸው አላነሱም። ሲራጅን አየሁት፤ አሁንም ጣሪያ ያያል። ወገቤን ረስቼ ልነሣበት ምንም አልቀረኝም።

«ምን ታያለህ? ውጣና ባጃጅ ጥራ! ናጅዋን ይዘን መናኸሪያ እንሂድ፤ ወልድያ ሐኪሞቹ ሳይወጡ እንድረስ።»

ብድግ ብሎ ወጣ። በሩን ሲያልፍ ነው ወገቤ ትዝ ያለኝ።

«ቀስ ብሎ የሚነዳውን!» ብዬ ጮኽኩበት።