ፀዳለ ያስቀረችው ክፍል

መምህርት ፀዳለ መጽሐፍ ስታነብ አፏ አያርፍም። ሌላው አማኝ በድብቅ የደረሰውን መንፈሳዊ ልብ ወለድ አንብቦ፣ እንባውን ጠርጎ፣ ጌታን አመስግኖ ለሚቀጥለው ሰው ያሳልፋል። እሷ ግን ትሟገታለች። «ይህች ሴትዮ ንዴት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም እንዴ? ባሏ ሰክሮ ገብቶ ሲደበድባት ትዘምራለች! የኔ እናት ብትሆን በዘነዘና ነበር የምትቀበለው» ትላለች። ሰካራሙ ባል በአንድ ምዕራፍ ተለውጦ ሰባኪ ሲሆን ትስቃለች፤ መልአኩ ሰዓቱን ሳያዛንፍ ሲደርስ ትበሳጫለች። ይህን ሁሉ እያለች ታዲያ አንድም መጽሐፍ አምልጧት አያውቅም። ልቧ የሚቀልጥበትን ነገር ነው እንዲህ የምታብጠለጥለው።

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ እነፀዳለ የሚያመልኩበት ጸሎት ቤት ታሽጓል፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የተገኘበት ሰው ይታሰራል። አማኞቹ ግን መላ አላጡም። የመጽሐፉን ሽፋን ገንጥለው ያቃጥሉታል። ስፌቱን ፈትተው በክፍል በክፍል ይለያዩትና ከጫኖ መንደር በሚመጣ የሙዝ ቅርጫት ሥር ከቤት ወደ ቤት ያዞሩታል። ማንም ቢያዝ ሙሉ መጽሐፍ አይገኝበትም። ክፍሎቹ ተራቸውን ጠብቀው ስለማይመጡ፣ ሠርጉን አስቀድሞ አንብቦ መተጫጨቱን ኋላ የሚያነብም ነበር። ደንቡ አንድ ነው፦ ያነበበ ወዲያው ያሳልፍ፤ ማንም ቤቱ አያስቀር።

ይህን ደንብ የሰበረችው ፀዳለ ናት።

መጽሐፉ በረዶ በሚጥልበት አገር ስለ እምነቷ ስለታሰረች ሴት ነበር። በመጨረሻው ክፍል አንድ ጠዋት የወህኒው በር ይከፈታል፤ ሴትዮዋ በእግሯ አገሯ ትገባለች፤ እናቷ ምግብ አቅርባ ትጠብቃታለች። ፀዳለ እዚህ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ታናሽ ወንድሟን ገነነን ከዓመታት በፊት ወታደሮች ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው የወሰዱት። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ማታ ማታ ድርሻውን እየከደነች ታስቀምጥለት ነበር፤ ገነነ ግን አልመጣም። «ይህን ውሸት ለማንም አላሳልፍም» አለችና ክፍሉን ፍራሿ ሥር ከተተችው። ማቃጠል ነበረባት፤ አንጀቷ አልቻለላትም።

መጨረሻውን አጥብቃ የፈለገችው ጌጤ ነበረች። ጌጤ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ እያመጣች ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ገበያ የምትሸጥ ጎልማሳ ሴት ናት። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያስተማረቻትም ፀዳለ። መንግሥት ራሱ «አንብቡ» ብሎ ሰሌዳ ዘርግቶ ያስተማራት ሴት ናት እንግዲህ።

«መምህርት፣ ያ መጨረሻው አልደረሰኝም እኮ» ትላለች ጌጤ፣ ባገኘቻት ቁጥር።

«ባይደርስሽም አይቆጭሽ፤ ውሸት ነው» ትላለች ፀዳለ።

ታዲያ ጌጤ አንድ ችግር ነበረባት። በዘመቻው ፊደሉን በኅብረት እየጮኹ ስለተማሩት፣ ድምፅ ሳታወጣ ማንበብ አይሆንላትም። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ቃሉን እየጎተተች፣ ለራሷ ታነባለች። አንድ ቀን ገበያው ሲቀዘቅዝ የመጽሐፉን መካከለኛ ክፍል ከቅርጫቷ ሥር አወጣች። ቀስ ብዬ ነው የማነበው ብላ ነበር፤ ከጀርባዋ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ግን ጸሎቱን ከነአሜኑ ሰማ። እዚያው ያዟትና የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ቆለፉባት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። የቀበሌው የውይይት ክበብ ሆን ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ሰዓት ነው የሚሰበሰበው፤ መቅረትም ያስጠይቃል። ባዘዘው የሚባለው ካድሬ ከጌጤ የተያዙትን ገጾች ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ድምፁን እንደ ሴት እያቀጠነ፣ በሴትዮዋ ጸሎት እያላገጠ ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ሰው ለይስሙላ ሳቀለት። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋ። የልጅ እናቶች ልጆቻቸውን ዝም አሰኙ። ባዘዘውም ሳያውቀው ማላገጡን ተወና ደህና አድርጎ ማንበብ ያዘ። ሴትዮዋ በጨለማ ክፍሏ ሆና የሚመጣ ኮቴ ስትሰማ ገጹ አለቀ። ባዘዘው ገለበጠው፤ ከጀርባው ምንም የለም። አዳራሹ በሙሉ ይጠብቅ ነበር።

ካድሬው በራሱ የተናደደ መሰለ።

«ቀሪው የት ነው?» አለ። «ዓሣ ሻጯ አላየሁትም ትላለች። ያየው ሰው ግን እዚህ ተቀምጧል። እናገኘዋለን።»

ፀዳለም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበረች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ጫማዋን ብቻ አየች። ሁሉም ሰው እሷን የሚያያት መሰላት። እውነትም ስለዚያ መጽሐፍ ያልለፈለፈችለት ሰው አልነበረም፤ መጨረሻው ውሸት ነው ብላ ያልነገረችው አማኝ የለም። ከእነዚያ አንዱ ተገርፎ «ፀዳለ ታውቀዋለች» ቢል አለቀላት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ረገመች።

ቤቷ ገብታ ገጾቹን ከሰል ላይ አንድ በአንድ አቃጠለች፤ አመዱንም ከጓሮው ሙዝ ሥር ደፋችው። ፍርሃቷ ግን አብሮ አልተቃጠለም። መኪና ባለፈ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፤ ተማሪ በሩን ሲያንኳኳ ጠመኔው ከእጇ ይወድቃል።

ለጌጤ ስንቅ የሚወስድ ሰውም ጠፋ። ዘመዶቿ ደጋ ናቸው፤ የከተማው አማኝ ደግሞ እንደ ፀዳለ ፈርቷል። ረቡዕ ዕለት ፀዳለ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅላ፣ በሳህን ከድና፣ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ቀበሌው ሄደች። ምግቡን ሰጥታ ልትመለስ፣ አንዲት ቃል ላትተነፍስ ለራሷ ምላለች።

ዘበኛው ጋሽ ካሱ ምግቡን በእንጨት ቆፈረው። «ቅመሽ» አላት። ቀመሰች። ካሱ ጌጤን ጠርቶ በሩ ላይ አቆማትና «በአማርኛ ብቻ! የማልሰማውን ቋንቋ እንዳትናገሩ» ብሎ አስጠነቀቀ። የባዘዘው ቢሮ መስኮት እዚያው አጠገብ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባዘዘው ጎንበስ ብሎ ይጽፋል።

የጌጤ ፊት አብጧል፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ሳህኑን ተቀበለችና ዓይኗን ፀዳለ ላይ ተከለች።

«መምህርት፣ ያቺ ሴትዮስ?» አለች። «ወጣች ወይስ እዚያው ቀረች?»

«የቷ ሴትዮ?» አለ ካሱ።

መስኮቱ ውስጥ የሚጽፈው እጅ ቆመ። ፀዳለ አየችው። «አላውቅም» ማለት ይበቃት ነበር፤ «ዘመድሽን አላየኋትም» ብላ መሄድ ትችል ነበር። ጌጤ ግን ያን ያህል ተደብድባ የማንንም ስም አላነሳችም፤ ለዚያ ሁሉ የምትጠይቀው ይህችኑ ብቻ ነው። በዚያ መጋዘን ጨለማ ውስጥ ምን ስትጠብቅ እንደሰነበተች ፀዳለ ያኔ ገባት፤ ማንም እንዳይነግራት ያደረገችው ደግሞ ራሷ ናት።

«ወጣች» አለች። «አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተላት። አገሯ ገባች። እናቷም ምግብ አቅርባ ጠበቀቻት።»

ጌጤ ሳህኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

ባዘዘው ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። አልጮኸም። «መምህርት ፀዳለ» አለ፣ «እኔ ዘንድ ያለው ገጽ እዚያ አይደርስም። አንቺ ከየት አገኘሽው?» መልስ አልጠበቀም። ለካሱ በአገጩ ምልክት ሰጠው። ካሱ ነጠላዋን ተቀብሎ፣ ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባት።

መጋዘኑ የማዳበሪያ ጆንያ ይሸታል። ፀዳለ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጌጤ አጠገቧ ቁጭ ብላ በሻካራ እጇ ጀርባዋን ታሻሽ ጀመር።

«አንቺ ውሸት ነው ስትዪኝ አልነበር?» አለቻት።

«ውሸት ነው» አለች ፀዳለ እያለቀሰች። «አሁንም ውሸት ነው።»

«ይሁን» አለች ጌጤ። «እንደገና ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ፤ ከኮቴው ጀምሪ።»

ፀዳለም አፍንጫዋን በእጇ ጠርጋ፣ ከኮቴው ጀመረችላት።