አስማማው የበየደው ብረት

ክንዱ አሮጌ ላንድ ክሩዘሩን ይዞ ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ባሕር ዳር ሲመላለስ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከደንበኞቹ ሁሉ አብልጦ የሚያከብራቸው የቅኔ መምህሩን የኔታ ዓምደ ሚካኤልን ነው። የኔታ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጨዋታቸው ግን ያልደከመ ሰው ናቸው። ክንዱ በየወሩ ለዓይን ሕክምና ከተማ ያመጣቸዋል፤ መልሶም ደጃቸው ያደርሳቸዋል።

ሐምሌ ላይ ሲመለሱ ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ጥቁር ድንጋይ የመኪናውን የጎን መረገጫ ያዘው። ቀጭኑ ቆርቆሮ ወደ ላይ ተጣጥፎ የየኔታን በር ቀረቀረው። ክንዱ ቢገፋ፣ ቢጎትት በሩ እምቢ አለ። ሽማግሌው ማርሹን ተሻግረው፣ መሪውን ታከው፣ በሾፌሩ በር በስንት መከራ ወጡ።

«ዮናስም ከዓሣው ሆድ የወጣው በቀላሉ አይደለም» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ክንዱ ግን መሳቅ አልሆነለትም። መኪናው ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ በምን ያወጣቸው ነበር?

በማግሥቱ ባሕር ዳር በያጁ አስማማው ዘንድ ሄደ። አስማማው ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር አየና የተጣጠፈውን ቆርቆሮ በሁለት ጣቱ ነካ አደረገው።

«ይህ ለጫማ የተሠራ ነው» አለ። «ድንጋይ ሲመታው ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ በር ይይዛል። እንንቀለው። በምትኩ ወፍራም ቱቦ ብረት ከሻንሲው ጋር እበይድልሃለሁ። መኪናው ሙሉ ክብደቱን ቢጥልበት እንኳ ድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይታጠፍም።»

«የኔታስ በምን ይወጣሉ? ቱቦው ከፍ ካለ እግራቸው አይደርስም።»

አስማማው ጥቂት አሰበ። «እግራቸው እስከ ምን ድረስ ይነሣል?»

ክንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከበያጅ ሰምቶ አያውቅም። ስልክ ደውሎ ጠየቃቸው።

«የቤቴን ደፍ እሻገራለሁ» አሉ የኔታ። «ከዚያ በላይ ሲሆን ጉልበቴ ይለምነኛል።»

ክንዱ ዘጌ ሄዶ የደፉን ከፍታ በሲባጎ ለክቶ መጣ። አስማማው በሦስት ቀን ሁለቱን ቱቦዎች ግራና ቀኝ በየደ። በሲባጎው ልክ ደግሞ መኪናው ሲቆም ከቱቦው ላይ የሚንጠለጠል፣ ሲነሣ የሚነቀል ትንሽ መወጣጫ ሠራ። እርጥብ ጫማ እንዳያድጥበት ላዩን በብየዳ ጠብታ አሻከረው። ይህን ያዘዘው ሰው አልነበረም፤ ከራሱ ነው።

ጥቅምት ላይ የኔታ ከእንፍራንዝ በላይ ያለች እኅታቸው መታመሟን ሰሙ። ከክንዱ ጋር በጠዋት ተነሥተው የዓባይን ድልድይ ተሻገሩ፤ ይፋግን አልፈው እንፍራንዝ ሲደርሱ ከአስፋልቱ ወጥተው ዳገቱን ያዙ። ክረምት የሸረሸረው መንገድ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ በቀኙ ጎማ ሥር ተናደ። መኪናው ዘመመ። ብረት ከድንጋይ ሲፋጭ ተሰማ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክንዱ አንገቱን አስግጎ ሲያይ በየኔታ በኩል ከበሩ በታች ያለው ሸለቆ ብቻ ነው። መኪናውን የያዘው ያ ቱቦ ነበር፤ ከአፋፉ ወጣ ባለ አለት ላይ ተቀምጧል።

«የኔታ፣ ይውረዱ ልበልዎ?»

«በየት በኩል፣ ልጄ? ይልቅ ንዳው።»

በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ነካው። ቱቦው አለቱን እየፋቀ ተንሸራተተ፤ መኪናውም አቃስቶ ሜዳው ላይ ወጣ። ክንዱ ወርዶ መወጣጫውን አንጠለጠለ።

የኔታ ወርደው ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቀለሙ ተልጧል፤ ብረቱ ግን አልተጣመመም።

«ይህን የሠራው ማን ነው?»

«አስማማው ይባላል። አያቱ እዚሁ አገር ማረሻ ይሠሩ ነበር አሉ።» ክንዱ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ብረት ሠሪውን «ጠይብ» ብሎ መሸሽ፣ ማረሻውን ገዝቶ ማዕዱን መጠየፍ የቆየ ክፉ ልማድ ነው፤ ከተማ ውስጥ እንኳ ጨርሶ አልሞተም።

የኔታ ብረቱን አንዴ መታ አድርገው ወደ መኪናው ወጡ። እኅታቸው ተሽሏት አገኟት፤ አብረዋት አደሩ። በማግሥቱ ባሕር ዳር ሲገቡ ግን «ወደዚያ ሰው ውሰደኝ» አሉ።

ከቤቱ ጋር የተያያዘው የብየዳ ሥፍራ ሲደርሱ የአስማማው ሚስት ፀሐይወርቅ ምሳ አቅርባለች። የየኔታን ጥምጥም ስታይ ፈጥና ሳህኑን ከደነችው። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ከዚህ ቤት እንደማይቀምሱ ታውቃለች። አስማማው የሚቀመጡበት ዱካ አቀረበና ራቅ ብሎ ቆመ።

የኔታ ተቀመጡ። «እጄን አስታጥቡኝ» አሉ።

ባልና ሚስት ተያዩ።

«የቆሎ ተማሪ ሳለሁ» አሉ የኔታ «እንፍራንዝ ላይ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ስዞር አንዲት የብረት ሠሪ ሚስት ‹ና ልጄ› ብላ ትኩስ እንጀራ ዘረጋችልኝ። ርቦኝ ነበር። ነገር ግን ጠይብ ናት ብለውኝ ስለነበር ሮጥሁ። ዘወር ስል እንጀራዋን ይዛ ደጅ ቆማለች። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ፊቷን አልረሳሁትም። ትናንት እዚያው አገር ነፍሴን የያዘው አንተ የሠራኸው ብረት ነው። ላመሰግንህ መጣሁ። እሷን ስላላገኘኋት ይቅርታውንም ከአንተ እለምናለሁ።»

አስማማው የብየዳ ጓንቱን አወለቀ። «እኔ ምን ቆርጦኝ ይቅር እላለሁ፣ የኔታ» አለ። «ይብሉልን እንጂ።»

ፀሐይወርቅ እጃቸውን አስታጠበች። ሽሮውን ገለጠችና የመጀመሪያውን ጉርሻ በራሷ እጅ አጎረሰቻቸው። የኔታ አጣጥመው ዋጡ፤ ጨው አንሶታል አሉ። እሷም እየሳቀች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ጨው ልታመጣ ገባች። ክንዱም ከማዕዱ ቀረበ።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ክንዱ ባልና ሚስቱን ጭኖ ዘጌ ወሰዳቸው። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሲጠብቁ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ ማዕድ አስማማውን በቀኛቸው፣ ፀሐይወርቅን ከጎኑ አስቀመጧቸው። አንዳንዱ ሰው ፊቱን አዞረ፤ የሚበዛው ግን ተጠጋጋላቸው። ክንዱ ያን ቀን ስንት ነገር የሚያመሰግንበት እንዳለው ሲቆጥር የማዕዱ ጸሎት አለቀበት፤ «ተመስገን» ብቻ ብሎ ዳቦውን ከሚካኤል ማኅበርተኞች ጋር ተቀበለ።