እናቶች ውጭ የሚቀመጡበት ሐሙስ

ነርሱ እኔን ሲጠይቀኝ የምትመልሰው እናቴ ነበረች።

ነርስ ፒተር የኬንያዋ የሜሩ ሰው ነው፤ የሚናገረው ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ነው። እናቴ አሰገደች በኬንያው በኩል ባለው ሞያሌ ሻይ ቤት ከከፈተች ብዙ ዘመኗ ቢሆንም፣ ከስዋሂሊ የምታውቀው የሻይና ማንዳዚ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ፒተር «በዚህ ወር ስኳርህ ወርዶብህ ነበር?» ይለኛል። ለእናቴ በአማርኛ እነግራታለሁ። እሷም «ልጄ ደህና ነው በለው» ትለኛለች። እኔም ዞር ብዬ «ደህና ነው ትላለች» እላለሁ። በሽታው የእኔ፣ ምላሱም የእኔ፣ መልሱ ግን የእሷ።

የስኳር በሽታ የያዘኝ ገና ልጅ እያለሁ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ሻይ ቤቱን ማገዝ ከጀመርኩ በኋላም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ፣ ጠዋትና ማታ መርፌውን የምትወጋኝ እማዬ ነበረች። እችላለሁ ብላት «ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» ትላለች።

ወደ ማርሳቢት ከተማ የሚወስደው አስፋልት አልቆ ከባድ መኪና በበዛበት ዓመት፣ ጋልጋሎ የሚባል ደንበኛችን ማርሳቢት ላይ ጋራዥ ከፈተ። አንድ ቀን ሻዩን እየጠጣ፣ «ልጅሽን ስጪኝ፣ መካኒክ ላድርገው» አላት። የመኪና ሞተር ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው። ልቤ ዘለለ።

እማዬ ሳቀች። «መርፌውን ማን ሊወጋልኝ?» አለች። ጋልጋሎ ቢለምናት፣ ቢለምናት፣ በመጨረሻ «ዳክታሪው ይችላል ካለ ይሂድ» አለችው። እንዲህ ያለችው፣ ዳክታሪ ብላ የምትጠራው ፒተር ይችላል እንደማይል እርግጠኛ ስለነበረች ነው።

ጤና ጣቢያው የወጣቶች ቀን የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። እስከዚያ ድረስ የምሰለፈው ከአዛውንቶች ጋር ነበር። «አንተ ልጅ፣ ለማን ወረፋ ይዘህ ነው?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ከማፈሬ የተነሳ «ለአያቴ» እላለሁ። አሁን ግን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሃያ አራት ዓመት ያልሞላን ብቻ የምንታይበት ክፍል ተከፈተ።

በመጀመሪያው ሐሙስ እማዬ እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ወደ በሩ ስትሄድ፣ ፒተር እጁን ዘረጋ። ለዚያ ቀን ብሎ ሁለት የአማርኛ ቃል አጥንቶ ነበር፤ «እናቶች ውጭ» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ካልገባሁ ማን ይናገርልሃል?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተማ አስተርጓሚ ነህ!»

በሩ ተዘጋ። ውስጥ ሁለት ልጆች ነበሩ። ፎዚያ የሄሉ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ድንበር ተሻግሮ ስለሚነግድ አማርኛም ታውቃለች። ገዳ ደግሞ ከጎልቦ ቆላ የመጣ ግመል ጠባቂ ነው። ኢንሱሊኑን በሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ፣ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ግራር ጥላ ሥር እንደሚያስቀምጥ ነገረን።

«የገዳ መድኃኒት ከገዳ የተሻለ ጥላ አለው» አለች ፎዚያ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ፒተር ስኳር የወረደበት ሰው እንዳለ ጠየቀ።

«ዮፍታሄ ይጀምር» አለች ፎዚያ ወደ እኔ እያመለከተች። «እናቱ ውጭ ናቸው፣ ምላሱ ተፈቷል።»

መናገር ያለብኝ ነገር ነበረ። የጋራዡን ጉዳይ ለፒተር አስቀድሜ ነግሬው ስለነበር፣ ይህን ብናገር ማርሳቢት መሄዱ ሊቀርብኝ እንደሚችልም አውቅ ነበር። ወለሉን እያየሁ ተናገርኩ። የፍልሰታ ጾም ነበር። ቄሱ እንዳልጾም ፈቅደውልኛል፤ እማዬም መርፌዬን ወግታ ቁርሴን አቅርባልኝ ነበር። የሰፈራችን እኩዮቼ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሲቆዩ ብቻዬን መብላት አሳፈረኝና ቁርሱን ለፍየል ሰጠሁት። ጓሮ እንጨት ስፈልጥ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ።

«ከዚያስ?» አለ ፒተር።

«ስኳር በውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ለካሁ። የደሜ ስኳር ትንሽ ከፍ ሲል ዳቦ በላሁ፤ እንደገና ለካሁ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

ገዳ አንገቱን ወደ እኔ አስግጎ «ፍየሏስ ደህና ናት?» አለ።

ፒተር ሳይቀር ሳቀ። ከሳቁ ሲመለስ ግን፣ «መጾም ስትፈልግ ከጾሙ በፊት መጥተህ እንነጋገራለን» አለኝ። «መርፌ ተወግቶ ቁርስ መተው ይገድላል። ይህን አትርሳ።» ቀጥሎ መርፌ ሰጠኝ። ልኩን ቀዳሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ የት የት እንደምወጋ አሳየሁት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

«ማርሳቢት መሄድ ትችላለህ» አለ። «እዚያም በየወሩ ከሚያይህ ነርስ ጋር አገናኝሃለሁ። የጾሙ ነገር ግን የአንተ ምስጢር ነው፤ አንተ ካልፈቀድክ እናትህ ከእኔ አትሰማውም።»

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩት።

እማዬ ተጠራች። ፒተር ያለውን በአማርኛ ነገርኳት፤ «ማርሳቢት መሄድ ይችላል ይላል።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እሱ ነው ያለው ወይስ አንተ?»

«እሱ ነው፣ እማዬ።»

«ለራስህ ጉዳይ ራስህ አስተርጓሚ? ሌላ ሰው ይምጣ!»

ፎዚያ ተነሳች። «እማማ፣ እኔ አለሁ። እኔ ማርሳቢት ምንም ጉዳይ የለኝም።» ከፒተር ሰምታ ያንኑ ደገመችላት።

እማዬ ልትናገር ስትል ቀደምኳት። ጾሙንም፣ መንቀጥቀጡንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። በፒተር ፊት የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴን ቃል ስናገራት ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለፍየል?» አለች። «የእኔን ፍርፍር?»

ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወደ ፎዚያ ዞራ «ብቻውን ሆኖ ቢወድቅስ? በይልኝ» አለች።

ፒተር ሰምቶ ቀስ ብሎ መለሰ። ፎዚያም ቀስ ብላ ተረጎመች። «ያን ቀንም ብቻውን ነበር ይላል፣ እማማ። ራሱን ያዳነው ራሱ ነው ይላል።»

እማዬ እንደ እንግዳ ሰው ትክ ብላ አየችኝ። «ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንተ ትወጋለህ» አለች። «እኔ አያለሁ። ካማረኝ ለጋልጋሎ እደውላለሁ።»

ወጣን። ውጭ አግዳሚው ላይ የገዳ እናት ጃለቱና ሌሎች እናቶች ተቀምጠው ነበር። እማዬ አጠገባቸው ስትደርስ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልጄ ማርሳቢት ሊሄድ ነው» አለቻቸው። «ዳክታሪው እባክሽ ልቀቂው ብሎ ለመነኝ። ስኳሩን ራሱ ይለካል፣ መርፌውን ራሱ ይወጋል። ጋራዡንም የሚመራው እሱ ነው።»

ፒተር አልለመናትም። ጋራዥ ስለመምራትም ማንም አላነሳም። ጃለቱ አማርኛ ስለማትሰማ ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ቃል ሳላስቀር፣ እማዬ እንዳለችው አድርጌ ተረጎምኩላት።